ደምዎ ውስጥ ቅባት አለ

አባቴ ሐኪም ቤቱን ጥለው የወጡት በአንድ ቃል ተቆጥተው ነው። ከጧት ጀምሮ ወረፋ ስንጠብቅ አልተቆጡም፤ ደማቸውን ሲቀዱ አልተቆጡም፤ ስማቸው ሁለቴ ተሳስቶ ሲጠራ እንኳ «ግድ የለም» ብለው ነው የገቡት። ቃሉ ነው ያስነሣቸው። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ከመጀመሪያው ልናገር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ትውልዳቸው እስቴ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ያስተማሩት ግን ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደብር ነው። እናቴ ስታርፍ ብቻቸውን አይኖሩም ብዬ ንፋስ መውጫ እኔ ቤት አመጣኋቸው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ፣ በቤቴ በረንዳ ላይ ፓስቲ እየጠበስኩ ከሻይ ጋር እሸጣለሁ። ባል ነበረኝ፣ ሄደ፤ የእሱ ነገር እዚህ አይገባም።

አባቴ ከመጡ በኋላ ቤቴ ሰው አያጣም ነበር። ከጋይንትም ከስማዳም ከእስቴም ድጓ ያስተማሯቸው ሰዎች ዜማቸውን ሊያሳርሙ ይመጣሉ። ጢማቸው የሸበተ፣ ራሳቸው መሪጌታ የሆኑ ሰዎች ከመደቡ ሥር ቁጭ ብለው ያዜማሉ፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሆነ ቦታ ሲደርስ «እህህ! ሳትክ» ይላሉ። «የት ጋ፣ የኔታ?» ሲባሉ «ስማ!» ብለው ራሳቸው ያወጡታል። በረንዳዬ ላይ ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች፣ በሌላ ጊዜ ጩኸታቸው ጆሮ የሚበጥሰው፣ ያን ጊዜ ብርጭቋቸውን ይዘው ጸጥ ይላሉ። አባቴ ከድምፃቸው ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት በዚህ ዓለም አልነበራቸውም።

አንድ የበዓል ቀን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ እያዜሙ ሳለ አንደበታቸው ተሳሰረ። ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ጠመም አለ፤ ቃሉ አልወጣ አለ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰላቸው። ሰዉ ድካም መስሎት ነበር። እሳቸው ግን እቤት ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «ነፍሴን ይውሰድ፤ አንደበቴን ግን አይውሰድብኝ። እዚህ ያለውን ገና ለማንም አስተምሬ አልጨረስኩም» ብለው ጉሮሯቸውን ነካ አደረጉ። አባቴ ሞትን ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ያሉኝም ራሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሣም።

«አባ፣ ግፊትም አለብዎት፣ ስኳርም አለብዎት» አለ። «ከሁሉ በላይ ደግሞ ደምዎ ውስጥ ቅባት አለ።»

አባቴ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «ደሜ ውስጥ ምን አለ አልክ?»

«ቅባት። ብዙ ነው። ከዛሬ ጀምረው ቅባት የሚባል ነገር መተው አለብዎት።»

«ስማ አንተ!» ብድግ አሉ። «እኔ ተዋሕዶ ነኝ! አባቴ ተዋሕዶ፣ አያቴ ተዋሕዶ! ማን ነው ይህን የነገረህ?»

በሩን በርግደው ወጡ።

ቅባት በእኛ አገር ከወጥ ድስት ውጭም ታሪክ ያለው ቃል ነው። የጥንት ሊቃውንት ቅባት፣ ተዋሕዶ እየተባባሉ የተከራከሩበት የሃይማኖት ስም ነው። ክርክሩ የሊቃውንቱ ነው፤ እኔ አልገባበትም፤ ከዓባይ ማዶ ያሉ ዘመዶቼንም እወዳቸዋለሁ። የአባቴ አያት ከዚያ ማዶ፣ የቅባት አገር ይባል ከነበረው፣ ተሻግረው የመጡ ናቸው። አባቴ ቆሎ ተማሪ ሳሉ በዜማ ሊደርሱባቸው ያልቻሉ ጓደኞቻቸው «ያ ቅባት!» እያሉ ከኋላ ከኋላቸው ያሟቸው ነበር። በዚህ ሰበብ አንዱን በመቋሚያ ፈንክተው ከጉባኤ ቤት ተባርረው ያውቃሉ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ተነሥቶ ደምዎ ውስጥ አለ ሲላቸው ምን ይበሉ?

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሐኪሙ «ምን ሆኑ?» ቢለኝ ሳቁ አላስመልስ አለኝ። እሱም ትዕግሥቱ አለቀ። «በይ፣ ቅባት አቁሙላቸው፤ ቀለል ቀለል ያለ ምግብ ስጧቸው። አለበለዚያ ደሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይረጋና አንደበታቸው ይያዛል» አለኝና የመድኃኒት ወረቀት ሰጥቶ ሌላ ሰው ጠራ። በቃ። እኔም ደህና ዋል ብዬ ወጣሁ። ቅባት ማለት የቱ ነው? ቀላል ማለት የቱ ነው? ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝ። በእሱ እናደዳለሁ፣ በራሴ ግን ይብስብኛል። እሱ ፊት የተቀመጡት የሌላ ሰው አባት ነበሩ፤ እኔ ፊት ግን የራሴ አባት።

እቤት ገብተን መደባቸው ላይ ካረፉ በኋላ «አባዬ፣ ልጁ ስለ ሃይማኖት አይደለም የተናገረው፤ የሚበላውን ቅባት ነው» አልኳቸው። «የሚበላውን?» አሉ። «እንዲያ ከሆነማ ተሳስቷል። እኔ ከዓመቱ ሁለት እጁን እጾማለሁ። የጾም የሚበላ ሰው ቅባት ከየት አባቱ ያመጣል?»

እውነታቸውን ነው መሰለኝ። በእኛ ቤት፣ በእኛ አገር፣ ምግብ ሁለት ነው፤ የጾምና የፍስክ። ቅባት ማለት ቅቤ ነው፣ ጮማ ነው፣ ወተት ነው፤ ፍስክ ነው። የጾም ከሆነ ቅባት አይባልም። ሐኪሙ በአማርኛ ተናገረ፣ እኛም በአማርኛ ሰማን፤ የተናገረውና የሰማነው ግን አልተገናኘም። አባቴ ክኒናቸውን ስሰጣቸው ይውጣሉ፤ ወደዚያ ሐኪም ቤት ግን እግሬን አላነሣም ብለው ማሉ።

አሁን የእኔን ብልጠት ስሙ። አባቴን ላድን ተነሣሁ። ቅቤ አቆምኩ፤ መልካም። ወተት አቆምኩ። ከዚያ ተልባ አቆምኩ። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ሲፈቱ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በውሃ በጥብጠው፣ በገብስ በሶ ያወራርዱ ነበር። ተልባውን ለምን ከለከልኳቸው? ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በግብርና ትምህርት «የቅባት እህሎች የሚባሉት ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ ናቸው» ተብለን ተምረናል። ፈተና ላይም መጥቶ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። ሐኪሙ ቅባት አቁሚ ብሎኛል፤ ተልባ የቅባት እህል ነው፤ ስለዚህ ተልባ ቀረ። የኑግ ዘይቱም ቀረ። እዩልኝ እንግዲህ የተማረ ሰው!

ገብሱን ደግሞ ከባድ ነው ብዬ ተውኩት። ቀለል ያለ ተብያለሁ። ከተማ ውስጥ ቀላል የሚባለው ነጭ የሆነ ነገር ነው። በሶ ከባድ፣ የገብስ ቂጣ ከባድ፣ ባቄላ ከባድ። የፉርኖ ዳቦ ቀላል፣ መኮሮኒ ቀላል፣ ሩዝ ቀላል። ጎረቤቶቼም «እግዜር ይስጥሽ፣ ለአባትሽ ለስላሳ ለስላሳውን ትመርጫለሽ» እያሉ ያሞግሱኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሻያቸው ላይ ሦስት ማንኪያ የነበረውን ስኳር ወደ አንድ አውርጄ፣ ስኳርን ድል ነሣሁት ብዬ አረፍኩ።

ፓስቲውስ? ፓስቲው የጾም ነዋ! ዱቄትና ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ዘይት። ምን ፍስክ አለበት?

እንጃ፣ ምናልባት የእኔ ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ ልናገር ይገባኛል። በቢጫ ጀሪካን የሚመጣው ነው። የንፋስ መውጫን ብርድ ለምታውቁ፣ ያ ዘይት ጧት ጧት ይረጋል፤ ከጀሪካኑ አልወርድ ሲል አንገቱን በቢላ ቆርጬ በማንኪያ እየዛቅኩ መጥበሻው ላይ እጥል ነበር። አንድ ቀን ሁዳዴ ሊገባ ሲል አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ያን ነጭ ነገር ስዝቅ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቅቤ አይደለም ወይ?»

«ዘይት ነው አባዬ።»

«ዘይት ይረጋል እንዴ? የኑግ ዘይት ሲረጋ አይቼ አላውቅም። የሱፍም አይረጋም። የሚረጋ የእንስሳ ነው።»

«ማርያምን! የጾም ነው» አልኳቸው። ጀሪካኑ ላይ የተሳለውን ዛፍ አሳየኋቸው። «ይኸው፣ ከዛፍ ነው የሚወጣው።»

ዛፉን አይተው፣ ማንኪያውን አይተው፣ ወደ እኔ አዩ። «ካልሽ እሺ» አሉ። በማርያም ከማልኩ ሌላ ምን ይበሉኝ? ያን ዕለት አባቴ ከሐኪሙም ከእኔም በላይ አውቀው ነበር። በልማዳቸው፣ በዓይናቸው ነገሩን ለይተውት ነበር፤ የሚረጋው ዘይት ከማይረጋው ጋር አንድ አይደለም ብለው ነበር። እኔ በመሐላ አፋቸውን ዘጋሁት። ኧረ ምነው እጄን በቆረጠው!

ሁዳዴ ገባ። አባቴ እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ክኒኑን እንዴት ያድርጉት ብዬ አልጠየቅኩም፤ ማንን ልጠይቅ? ከቅዳሴ ሲመለሱ ደክሟቸው ይመጣሉ። እኔም የሞቀውን ፓስቲ፣ ሁለትም ሦስትም፣ ከሻይ ጋር አቀርብላቸዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ «ተልባ የለም?» ይሉ ነበር። «ተከልክለዋል አባዬ» እላለሁ። እየቆዩ መጠየቁን ተዉት። ፓስቲውን ለመዱት፤ ወደዱት። አንዳንድ ቀን አስቀድመው «ያ የጾሙ ነገር ደርሷል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አባቴ ጠግበው ሳያቸው ሆዴ ይርስ ነበር።

ከጤና ጣቢያው አንዲት ሲስተር በየቀኑ እየመጣች ሻይ ትጠጣለች። ፓስቲ ወስዳ አታውቅም። አንድ ቀን «ምነው፣ ፓስቲዬን ናቅሽው?» አልኳት፣ እየቀለድኩ። ሰው ቀለል እስኪል ጠብቃ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ። ይሄ የሚረጋው ዘይት ለልብና ለደም ሥር ጥሩ አይደለም። ደግሞ ደጋግመሽ ነው የምትጠብሺበት። ነጩ ዱቄትም ብዙም ሳይቆይ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። አባትሽ ደግሞ ስኳር አለባቸው ብለሽኛል። ገብስ አይሻላቸውም? ተልባስ? የተልባ ቅባት እኮ ሌላ ነው፤ የሚጠቅም ነው።»

ደሜ ፈላ። «ሐኪሙ ቅባት ከልክሎ አንቺ ቅባት ስጪ ትይኛለሽ? ወይስ ገበያዬን ልትዘጊው ነው የመጣሽው?» አልኳት። ሾፌሮቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እሷ «ይቅርታ» ብላ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሻይ ሌላ ቦታ መጠጣት ጀመረች። እኔም «እሰይ!» አልኩ። እሰይ አልኩ እኮ! የነገረችኝን ማታውኑ ባደርገው ምን ነበረበት? ተልባው ጓዳዬ ውስጥ ነበር። የገብሱ ዱቄት ከስማዳ መጥቶልኝ በጆንያው ተቀምጦ ነበር።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ባርከው ቆረሱ። አንዴ ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲያነሡ ፓስቲው ከእጃቸው ወደቀ። ላነሣላቸው ጎንበስ ስል ቀኝ እጃቸው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አየሁ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ አፋቸው ጠሟል፤ ያኘኩት በጎን ይወርዳል። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ሊናገሩ ፈለጉ። «እ... እ...» ብቻ ወጣ።

በባጃጅ ወሰድኳቸው፤ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት። አሁንማ እንቢ የሚል አንደበት የላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጎናቸው አልተመለሰም። ንግግራቸውም አልተመለሰም። ይሰማሉ፤ ሁሉ ይገባቸዋል፤ ሰው ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ነፍሴን ውሰድ፣ አንደበቴን ተው ብለው የለመኑት አምላክ የተገላቢጦሹን ሰጣቸው። በእሱም ተናድጃለሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ዋሽቼ አልጽፍም።

ያቺ ሲስተር ልትጠይቅ መጣች። ያን ያህል ሰድቤያት መጣች። እግሯ ላይ ወድቄ «የገደልኳቸው እኔ ነኝ አይደል? ያ ዘይት ነው አይደል?» አልኳት። እሷም ሐቀኛ ናት፤ «እሱ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ዕድሜ አለ፣ ግፊት አለ፣ ስኳሩ አለ። ፓስቲውን ባይበሉም ሊመጣ ይችል ነበር» አለችኝ። «ግን አልረዳቸውም» አለች፣ ቀስ ብላ። እኔ ቁርጡን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ወይ አንቺ ነሽ ትበለኝ፣ ወይ አይደለሽም ትበለኝ። ለንዴቴ መቀመጫ አሳጣችኝ።

ደግሞ የጠያቂው ነገር! ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ብሎ አንደበቱ ተዘግቶ ተኝቷል፤ የሚጠይቀው ሁሉ ለስላሳ ይዞ ይመጣል። አንዱ ብስኩት፣ አንዱ ማር፣ አንዱ ኪሎ ስኳር በፌስታል። የለስላሳው ጠርሙስ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ሱቅ መሰልን። «ለእሳቸው አይሆንም» ስል «ትንሽ ብታቀምሻቸው ምን ይላል፣ ያጸናቸዋል» ይሉኛል። አንዷ እንዲያውም እኔ ዘወር ስል በማንኪያ አፋቸው ላይ ስታንቆረቁር ደረስኩባት። ጠርሙሱን ነጥቄ ደጅ አፈሰስኩት። «ይቺ ሴት ሐዘን አሳበዳት» ተባለ። ልበድ! እብደት ያንሰኛል።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ እነዚህ የባሱ ናቸው። ቁጭ ብለው «ድሮ የተፈጥሮውን በልተን ነው ጤነኛ የነበርን፤ ዘንድሮ ነው በሽታው የመጣው» እያሉ ይተነትናሉ። የቱ ድሮ ነው? እኔ ድሮን አውቀዋለሁ። የእናቴ ወንድም ዝናብ በጠፋበት ዓመት ከጓያ በስተቀር እህል አጥቶ፣ ወራቱን ሙሉ ጓያ በልቶ እግሮቹ ተሳሰሩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሁለት ምርኩዝ ይዞ ቀረ። ጓያም እኮ የተፈጥሮ ነው! የጾምም ነው! የአያት የቅድመ አያት እህል ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ብላ፣ ያን ተው የሚለው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ የሚለው ሞልቶ የሚያስረዳ የለም። እህል የሚያድንና የሚጎዳ ድሮም ነበር፣ ዘንድሮም አለ። ለይቶ በቋንቋችን የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው። ቅባት ስትሉ የትኛውን ቅባት ነው? የጾምም ቅባት አለው ብሎ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በወረቀት ላይ ሳይሆን ዓይን ዓይኔን እያየ!

አሁን አባቴን ገብስ አበላቸዋለሁ። በሶውን በተልባ ውሃ ቀጠን አድርጌ፣ እንዳያንቃቸው በማንኪያ በማንኪያ። ስኳራቸው ረገብ ብሏል፤ ግፊታቸውም። ሲስተሯ ስትለካቸው «ጎበዝ፣ የኔታ!» ትላቸዋለች። እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ፓስቲ መጥበሴን አልተውኩም። ቆሎና የገብስ ቂጣ ከባቄላ ንፍሮ ጋር አስቀምጬ ነበር፤ ሾፌሮቹ «ሆድ ይነፋናል» ብለው ሳቁብኝ። ጉዳቱን ማወቄ ፓስቲውን አላስተወኝም፤ መብላት አለብኝ። የኑግ ዘይት ሳገኝ በኑግ፣ ሳጣ በዚያው በሚረጋው እጠብሳለሁ። ሲገዙኝ እናደዳለሁ፤ ሳይገዙኝም እናደዳለሁ።

በጳጉሜ ወር ሁለት መሪጌቶች ከስማዳ መጡ። የአባቴ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ትልልቅ ሰዎች። ለመጪው መስቀል ደመራ እዚህ ከተማው ሜዳ ላይ ያሬዳዊውን ዜማ የሚመሩት እነሱ ናቸው። «የኔታ ባይናገሩም ይስሙን፤ ይባርኩን» ብለው ነው የመጡት። ከመደቡ ሥር ተቀመጡና ጀመሩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከስንት ወር በኋላ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ከንፈራቸው በደህናው ጎን ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ በግራ እጃቸው መደቡን መቱ። ጧ!

ሁለቱ ዜማውን አቋርጠው ተያዩ። «ሳትን፣ የኔታ?» አለ ታላቁ። አባቴ አዎ በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከላይ ጀመሩት። እዚያው ቦታ ሲደርሱ አባቴ እንደገና መደቡን መቱ። «እዚህች ቃል ላይ ነው?» ዜማውን ለወጥ አድርገው ሞከሩት። ጧ! ሌላ አድርገው ሞከሩት። ጧ! መጽሐፉን አውጥተው ምልክቱን አንድ በአንድ አዩት። «መጽሐፉም እንደኛው ነው የሚለው፣ የኔታ» አሉ። አባቴ መጽሐፉን በግራ እጃቸው ገፉት። እሳቸው የሚያውቁት መጽሐፉ ላይ የለም። ከመምህራቸው አፍ ወደ ጆሯቸው የመጣ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ወደ እነዚህ ጆሮ መግባት ነበረበት። አፋቸውን ከፈቱ። «እ... እ...» አሉ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ላብ አጠመቃቸው፤ እዚያ ጉሮሮ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ «እ... እ...» ብቻ።

እኔ ጥግ ቆሜ ማንኪያ ይዤ እያየሁ ነበር። ዜማ አላውቅም። ሴት ልጅ ናት ብለው አላስተማሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ብማር ኖሮ አሁን አፍ እሆናቸው ነበር።

ሰባት ስምንት ጊዜ ያህል ሞከሩ። በመጨረሻ ታናሹ «ደከሙ፣ እንተዋቸው» አለ። ጉልበታቸውን ስመው ወጡ። አባቴ እነሱ ከሄዱ በኋላም መደቡን መምታታቸውን አላቆሙም። እጃቸውን ብይዘው መነጨቁኝ።

ለደመራው በባጃጅ ወሰድኳቸው። ወንበር ይዤ ከችቦው ክምር ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ካህናቱ ለብሰው፣ ከበሮው ተመትቶ፣ ጽናጽሉ ተንሿሽቶ ተጀመረ። ያማረ ነበር። አባቴ መደቡን የመቱበት ቦታ ሲደርሱ እንደዚያው አዜሙት፤ ሊቃውንቱ ሁሉ ተቀበሉት፤ ደግመውም እንደዚያው አሉት። ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ አጨበጨበ። አንድም ሰው የተሳሳተ ነገር አልሰማም። ከዛሬ ወዲያ ትክክሉ እሱ ነው፤ ልጆቹም የሚማሩት እሱን ነው።

አባቴ ግራ እጃቸውን አንሥተው ግራ ጆሯቸውን ደፈኑ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ አይነሣም። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እጄን ሰድጄ ቀኙን እኔ ደፈንኩላቸው።